ማኅተም የሌላቸው መጻሕፍት

«የማላውቀውን አልፈርምም አላልኩም፤ የማውቀውን ነው አልፈርምም ያልኩት!»

የስታትስቲክስ መምህሩ ናቸው። ወረቀቱን በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ዲኑ መለሱት። ዲኑም መልሶ ገፋው። ሬጅስትራሯ የሻይ ብርጭቆዋን ከወረቀቱ መንገድ ላይ አነሳች።

«ጋሼ፣ አንድ ፊርማ ናት» አለ ዲኑ። «የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት። ‹መጻሕፍቱ የሰበታ ግቢ ቋሚ ንብረት ናቸው› ነው የሚለው። የእኛ አይደሉም እንዴ?»

«የኮሌጁ ናቸው። የሰበታ ናቸው ወይ ካልከኝ ግን፣ ባለፈው ወር ሱሉልታ ነበሩ። ከዚያ በፊት ቡራዩ።»

«ኧረ ኦቦ!» አለች ሬጅስትራሯ። «እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ወንበር ይዋሱ የለም እንዴ?»

«ይዋሳሉ። ወንበሩ የኔ ነው ብሎ የሚምል ግን አላየሁም።»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሥራዬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፤ ጽሕፈቴ ያምራል ስለተባለ ስብሰባ በኖረ ቁጥር ይጠሩኛል።

ኮሌጁ ሦስት ግቢ ነበረው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ። መጻሕፍቱ ለአንዱ ግቢ እንኳ የሚበቁት በጭንቅ ነው። ስለዚህ ዕውቅና የሚያድሱት ተቆጣጣሪዎች ወደ አንዱ ግቢ ሊመጡ ሲሉ የሦስቱም መጻሕፍት ቀድመዋቸው እዚያ ይደርሳሉ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ማኅተም እንዳታደርግባቸው» የሚል ነበር። ማኅተም ያለበት መጽሐፍ የአንድ ቦታ ነው፤ የእኛዎቹ የትም መኖር ነበረባቸው።

በካርቶን አድርገን ኢሱዙ ላይ እንጭናቸዋለን፣ ሸራ እናለብሳቸዋለን፣ እኔም ከላያቸው እወጣለሁ። ሾፌሩ «እነዚህ መጻሕፍት ከኔ በላይ አገር አይተዋል» እያለ ይስቃል። ዓለም ገናን አልፈን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ እንጦጦን ወጥተን ሱሉልታ ስንወርድ ብርዱ ፊታችንን ይገርፈዋል። ሯጮች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይሉና እንፋሎት እየተነፈሱ በአጠገባችን ያልፋሉ። የሚሮጡት ወደሚፈልጉት ቦታ ነው እያልኩ እቀናባቸው ነበር።

ያን ጉዞ እወደው እንደነበር መደበቅ አልችልም። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ አላደረሰኝም። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት እነዚያ ካርቶኖች ላይ ተቀምጬ፣ መጽሐፉን ከንፋስ በደረቴ ከልዬ ሳነብ ነው። ስንኝ ሲመጣብኝ ሌላ ወረቀት ስለማይኖረኝ በመጽሐፉ የውሰት ካርድ ጀርባ ላይ እጽፈውና መልሼ ሽፋኑ ላይ ባለው ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ ከነዚያ ካርዶች አንዱን ይዘው መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና «ሦስተኛው ስንኝ አንድ ቀለም ይጎድለዋል» አሉ። ግጥም የቁጥር ዘመድ ነው ብለው ያምናሉ። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ሲወጡ በኔ በኩል ሳያልፉ አይሄዱም። መስኮቱ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጡና እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ካርድ አምጣ ማለታቸው ነው። ከወደዱት ዝም። ካልወደዱት «ዲሲ! ተወው ይሄን» ይላሉ። የተጂ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ሲቆጡም ሲቀልዱም ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ያችን «ዲሲ» ዛሬ አንድ ጊዜ ብሰማት ያሉኝን ስንኞች ሁሉ እቀድ ነበር።

የሰበታው ግቢ ሕንፃ አሁን የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ወረቀቱን በኋላ ሌላ ሰው ፈርሞ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹ ግን በአንድ ቀን ለሁለት ተከፍለው ሰበታም ሱሉልታም ገቡ። ሱሉልታ ባዶ መደርደሪያ ጠበቃቸው። ኮሌጁ ተዘጋ፤ ተማሪዎቹ ሌላ ኮሌጅ እስኪቀበላቸው አንድ ዓመት ተቀመጡ። በባጃጅ ሳልፍ ያቺን መስኮት አያታለሁ፤ አንድ ቡናማ ሶፋ ተደግፎባታል። ጋሼን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ተጂ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜም መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ጠጥቼ፣ ቤታቸውን ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ። ያን የስብሰባ ቀን በተናገርኩት ምክንያት ነው።

ዲኑ ክርክሩን ትቶ ወደ ልመና ዞሮ ነበር። «ጋሼ፣ ለራሴ ብዬ አይደለም። ዕውቅናው ካልታደሰ የዘንድሮ ተመራቂዎች ለመውጫ ፈተና አይቀመጡም። ወላጆቻቸው መጥተው በሩን ሲይዙት ምን ልበላቸው? እርስዎ ይንገሩኝ።»

ከልቡ ነበር። ጋሼም ያወቁት መሰለኝ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አንተ በኔ እጅ ያለፍክ ልጅ ነህ፤ ስለዚህ ልንገርህ። መምህራኑ በሙሉ ወይ መጽሐፍ ግዙ፣ ወይ ግቢ ቀንሱ ብለን አቤት ካልን ሁለት ዓመታችን። ቃለ ጉባኤው አለ፤ ይሄው ልጅ ነው የጻፈው። እነዚህ ተመራቂዎች መጽሐፍ ፈልገው ሲመጡ ‹ቡራዩ ሄዷል› እየተባሉ ነው አራት ዓመት የጨረሱት። አሁን ደግሞ በነሱ ስም አታስምለኝ።»

«ማንም ይማሉ አላለም! መጻሕፍቱ አሉ፤ አሉ ይበሉ ነው ያልነው።» ዲኑ በድንገት ወደኔ ዞረ። «የቤተ መጻሕፍቱ ሰው እዚሁ አይደል? ንገራቸው እስቲ አንተ። መጻሕፍቱ ሁልጊዜ እዚህ አይደሉም?»

ሦስቱም አዩኝ። መስኮቷ ትዝ አለችኝ፣ ወንበሯ፣ በመጻሕፍቱ ኪስ ውስጥ የተኙት ካርዶች። ያ ክፍል ከተዘጋ የምሄድበት ሌላ መደርደሪያ በዓለም ላይ አልነበረኝም። ጋሼም ከዚያ በኋላ የሚመጡበት ምክንያት አይኖራቸውም።

«እዚሁ ናቸው» አልኩ።

«ይኸው!» አለች ሬጅስትራሯ። «ከልጅ አፍ ይሰማል።»

ጋሼ አልተቆጡም። ለተቆጣጣሪዎቹ ለናሙና ተብለው ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት መጻሕፍት አንዱን አነሱ፣ የኋላ ሽፋኑን ገለጡ፣ ካርዱን አውጥተው ገለበጡት። ከሩቅ አወቅሁት።

ሰበታ ላይ ቀረ ፀሐይና ቤቴ፣
ሱሉልታ ላይ ሞቀኝ መጽሐፍ ጎረቤቴ።

ከሥሩ እንደ ልማዴ የጻፍኩበትን ቦታና ቀን አስፍሬአለሁ፤ ሱሉልታ፣ ባለፈው ወር። ጮክ ብለው ቢያነቡት ክርክሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የኔም እንጀራ አብሮ።

በዝምታ አነበቡት። ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ሲታጠፍ አየሁ። ከዚያ ተነሡ፣ ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ፣ እኔ ወዳለሁበት ጥግ መጥተው ካርዱን በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ በግንባሩ ደፉት።

«የመጀመሪያው ስንኝ አንድ ቀለም ይጎድለዋል» አሉኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ቀና ስል ወደ በሩ እየሄዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? አልጨረስንም እኮ!» አለ ዲኑ።

«ሰብሳቢነቱን ለሌላ ስጠው» አሉ ሳይዞሩ። «የማስተምራቸውንም ክፍሎች።»

ያ በር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ነበር፤ ሁላችንም በትከሻችን እየገፋን፣ እየተሳደብን ነው የምንዘጋው። እሳቸው እጀታውን ከውጭ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ በቀስታ፣ እስኪገጥም ድረስ።