ገጽ ሰባትን ያረመችው ኮፒ አንሺ

ከንግድ ሥራ ኮሌጁ የኋላ በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ጉዳዩን ከውጭ ሆኖ ነው የሚናገረው። ባለቤቷ ያኔ ሃምሳ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት ሴት ነበረች። ተማሪው ሁሉ ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፤ ዞር ስትል ግን «ዲኗ» ነው የሚላት። እሷም ታውቃለች። ግን አልሰማሁም ብላ ትኖራለች፤ ሹመት በነጻ ሲመጣ ማን ይመልሳል?

ማንበብ የጀመረችው ለቁም ነገር ብላ አልነበረም። ማሽኑ አርጅቶ ስለነበር በየሃያ ገጹ ይግላል፤ እስኪበርድ ቆማ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ገጾቹ እንዳይዘበራረቁ ቁጥራቸውን ብቻ ታይ ነበር። ቀጥሎ ርዕሱን አየች፣ ቀጥሎ አንድ አንቀጽ። ኋላማ ቀጣዩን ምዕራፍ ይዞ የሚመጣውን ተማሪ እንደ ተከታታይ ድራማ መጠበቅ ጀመረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የኮሌጁን ትምህርት ከዳር እስከ ዳር አዳረሰችው።

በሁሉም ላይ አስተያየት ነበራት። የሥራ አመራር መግቢያ በሚለው ኮርስ አመራር ማለት ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራትና መቆጣጠር መሆኑን ስታነብ «ይሄንንማ እናቴ ያለ ዲግሪ ስምንት ልጅ ላይ ሠርታዋለች» አለች። ስታትስቲክስን አትወደውም፤ «አማካይ ሰው የሚባል ደንበኛ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም» ነው ምክንያቷ። ነፍሷ የምትወደው የድርጅት ባህሪ የተባለውን ኮርስ ነው፤ ሰው ለምን እንደሚተጋና ለምን እንደሚለግም የሚያስተምረውን። እሱን ባሏ ላይ ሞከረችው።

ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። የሰው ሰዓት ሲያስተካክል ይውላል፣ የገዛ ቤቱ በር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጥ ሲጥ እያለ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ጭቅጭቅ አልሠራም፣ ኩርፊያም አልሠራም። ምዕራፍ አምስት ላይ «ሠራተኛ ከቁጣ ይልቅ በምስጋና ይነሳሳል» የሚል አነበበች፤ ማታውኑ እሱ እየሰማ ለጎረቤቷ «የእኔ ባል እጁ የነካው ነገር እኮ ዳግም አይበላሽም» አለች። በሩ በማግስቱ ተጠገነ። በሳምንቱ የቧንቧው ጠብታ ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰውየው ምሳ ሊያደርስላት መጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተጣለ የምዕራፍ አምስት ብልሹ ኮፒ ላይ ዓይኑ አረፈ። አነበበ፤ ቀና ብሎም አያት።

«ለካስ እኔ ሠራተኛ ነኝ?»

«የወሩ ምርጥ ሠራተኛ!»

ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ «ስለ ዕድገት የሚያወራው ምዕራፍ የትኛው ነው?» አላት።

በዚህ ዓይነት ስትኖር ነው ከፋይናንስ መምህሩ ጋር የተነካካችው። ይህን ሰው ተማሪዎች «ወለድ» ይሉታል፤ ጊዜ በጨመረ ቁጥር ንግግሩም ስለሚጨምር። ሃምሳ ደቂቃ የተሰጠው ክፍለ ጊዜ እሱ እጅ ሲገባ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከክፍል ሁሌ ዘግይቶ ስለሚወጣ ደግሞ ውጭ ላይ ሁሌ ይሮጣል። የማስተማሪያ ጽሑፉ አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተቀየረው ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት ብቻ ነው፤ እሱንም የምትቀይርለት ራሷ ኮፒ አንሺዋ ነበረች።

አንድ ቀን ማሽን ሻጭ መጣባት። «እትዬ፣ ይሄ አሮጌ ማሽን ዕድሜሽን እየበላው ነው። መቶ ሺህ ብቻ፣ አዲስ ውሰጂ» እያለ አፉ ማር ጠብ ይለዋል። እሷም ልቧ አልጨከነም። የመምህሩ ገጽ ሰባት ትዝ አላትና አውጥታ ዘረጋችው፤ ምሳሌው ልክ የእሷ ጉዳይ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት መቶ ሺህ የሚያወጣ ማሽን ሊገዛ ያስባል፤ ማሽኑ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ ሠላሳ ስምንት ሺህ ያስገባል። ይግዛ ወይስ ይተው? ትምህርቱ እንደሚለው የከርሞ ገንዘብ ከዛሬው ያንሳልና ወደ ዛሬ ሲመጣ ይቀነሳል። መምህሩ የሦስቱን ዓመት ገቢ በአሥር በመቶ እየቀነሰ ዘጠና አራት ሺህ ተኩል አድርጎታል። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ግን የማሽኑንም ዋጋ እንደ ከርሞ ገንዘብ ቆጥሮ ወደ ዘጠና አንድ ሺህ ገደማ አውርዶት፣ «ትርፍ አለው፣ ይገዛ» ብሎ ደምድሟል።

ሴትዮዋ ቀና አለችና ሻጩን ጠየቀችው። «ገንዘቡን መቼ ነው የምትቀበለኝ?»

«ዛሬ ነዋ!»

«ከርሞ ብሰጥህስ?»

«እትዬ ደግሞ፣ ቀልድ ትወጃለሽ።»

«እንግዲያ ዛሬ የሚከፈል መቶ ሺህ፣ መቶ ሺህ ነው» አለች ለራሷ። ዘጠና አራት ሺህ ተኩል ለማግኘት መቶ ሺህ ማውጣት ደግሞ እብደት ነው። ሻጩን በክብር ሸኘችው። ገጹ ግን አልለቀቃትም። መምህር ተሳስቶ እኔ ልክ ልሆን? ብላ አንድ ሳምንት ራሷን ተጠራጠረች። በመጨረሻ ሁሌ ፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ወፍራሙን የፋይናንስ መጽሐፍ ተውሳ አመጣችላት። መጽሐፉም ከእሷ ጋር ተስማማ።

ልትነግረው ሞክራለች፤ ይሄ ይመዝገብላት። ለአዲሱ ዓመት ጽሑፉን ሊሰጣት ሲመጣ «መምህር፣ ገጽ ሰባት ላይ...» ብላ ጀመረች።

«ደብዝዟል? አጥቁረሽ አንሺው!» ብሎ በሩጫ ወጣ።

እሷ ምን ታድርግ? ስህተቱን በነጭ ቀለም አጠፋች፤ ትክክለኛውን ስሌት በተመሳሳይ ፊደል ጽፋ፣ ቆርጣ፣ ለጥፋ፣ መጨረሻው ላይ «ይገዛ» የሚለውን «አይገዛ» አድርጋ ሁለት መቶ ስድስት ኮፒ አነሳች። እውነቱን ለመናገር ስትለጥፍ ታፏጭ ነበር።

ፈተናው ደረሰ። እንደልማዱ ያው ጥያቄ ወጣ። ሁለት መቶ ተማሪ በአንድ ድምፅ «አይገዛ» ብሎ ጻፈ። «ይገዛ» ብለው ሙሉ ነጥብ ያገኙት ወጪ ለመቆጠብ የታላላቆቻቸውን የአምና ኮፒ ያነበቡ ስድስት ልጆች ብቻ ናቸው። መምህሩ ሁለት መቶ ሰው ተኮራርጆ ተሳሳተ ብሎ ጦፈ። ተማሪዎቹ ጽሑፉን አውጥተው አሳዩት። አየው፣ የራሱን አየ፣ ደሙ ፈላ፤ በቀጥታም ወደ ኮፒ ቤቱ።

ሱቋ ውስጥም ውጭም ተማሪ ተሰልፏል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ገጽ ሰባት ነው፣ መምህር።»

«የእኔ ገጽ ሰባት አይደለም!»

«የእርስዎ ገጽ ሰባት ታሞ ነበር። አሳክሜው ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። መምህሩ ቀላ። «ማን ፈቀደልሽ? ያስተማርኩት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ!»

«ይቀመጡ እስቲ። ያደረጉት ጫማ አዲስ ነው፣ ያምራል። መቼ ገዙት?»

«ጫማና ይሄ ምን አገናኘው?»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

«ትናንት። በሦስት ሺህ። እና?»

«ሻጩ ‹ይሄ የከርሞ ገንዘብ ስለሆነ ልቀንስልዎ› አለዎት?»

መምህሩ ጫማውን አየ፣ ገጹን አየ። ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወጣና የማሽኑ ክዳን ላይ ተደግፎ አሰላ። ሰረዘው፣ እንደገና አሰላ። ከዚያ የወረቀት ካርቶን ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለ በቀጭኑ። «አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም?»

«ሰዓት ተኩል ሲያወሩ መቼ ይጠይቁ?» ብላ ልትጨምርለት አሰበች፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እርሳሱን መልሶ አንስቶ ያንኑ ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሰላ አየች። ሞቅ ብሏት የነበረው ጨዋታ ወዲያው በረደባት። ወደ ሰልፉ ዞረችና «ማሽኑ ጋለ! ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ» ብላ ሁሉንም በተነች። ማሽኑ መምህሩ ከገባ ጀምሮ አንድ ገጽ እንኳ አልሠራም ነበር።

ብቻቸውን ሲቀሩ «ሰው ፊት ማድረግ አልነበረብኝም፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችው።

«ሰው ፊት ነው የተሳሳትኩት» አለ እሱ፣ «ሰው ፊት መታረሙ አይከፋም።»

ቃሉን ጠበቀ። በማግስቱ ክፍል ገብቶ ስህተቱን ተናገረ፣ ያረመውንም ሰው ሳይደብቅ ተናገረ፣ የሁለት መቶውን ነጥብ መለሰ። ስድስቱ ቆጣቢዎች እንደገና ተፈተኑ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን በዋዛ አላለፈውም፤ የመምህር ጽሑፍ ያለፈቃድ መቀየር ጥፋት ነው ብሎ ሁለት ወር የኮሌጁን ሥራ ከለከላት። ሴትዮዋም አልተከራከረችም፤ ጥፋት መሆኑን ስታፏጭም ታውቀው ነበር።

ሁለት ወሩ ሳያልቅ መምህሩ አንድ ቅጽ ይዞ መጣ፤ የማታ ዲግሪ ማመልከቻ ነው። «ከኋላ ሆነሽ ከምታርሚኝ፣ ፊቴ ተቀምጠሽ ጠይቂኝ» አላት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዋን ከሻንጣ ሥር ፈልፍላ አወጣች። ባሏ «በሃምሳ ዓመትሽ?» ሲላት «ባልማርም ሃምሳ መሙላቴ አይቀር» ብላ ዘጋችው።

አምስት ዓመት ፈጀባት። የገበያ ጥናት ላይ ወደቀች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደንበኛ ያቆየች ሴት! ፈተናው ላይ «ደንበኛን እንዴት ታቆያለህ?» ለሚለው «ስሙን በመያዝ» ብላ ጻፈች፤ የተፈለገው ግን ባለ ሰባት ነጥብ መልስ ነበር። በሁለተኛው ዙር ሰባቱንም ሸምድዳ በከፍተኛ ውጤት አለፈች። በፋይናንስ ክፍል ጥያቄ ከማብዛቷ የተነሳ ክፍለ ጊዜው ሁለት ሰዓት ደረሰና ወጣቶቹ «እትዬ፣ በፈጠረሽ ተይን» ብለው ለመኗት። መምህሩ የሰጣት ውጤት ግን ሙሉ አልነበረም። ልትሟገት ሄደች። የፈተና ወረቀቷን አራተኛ ገጽ ገልጦ ስህተቷን አሳያት። አሰላችው፣ እንደገና አሰላችው፤ ከዚያ አመስግና ወጣች።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አነስተኛ የቁጠባ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች፤ ሥራ ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎችን ዕቅድ ሰምታ ትመክራለች። በእነዚያ ቀናት ኮፒ ቤቷን የሚይዘው ባሏ ነው፤ የሰዓት መጠገኛውን ጠረጴዛ እዚያው አስገብቶ ሁለቱንም ይሠራል። አጉሊ መነጽሩን ሳያወልቅ ወረቀት ስለሚደረድር ገጽ ሦስት ከገጽ ዘጠኝ በኋላ ይመጣል፤ ተማሪዎችም ነጋ ጠባ ስሞታ ያመጣሉ። የሰው ኃይል አስተዳደር ኮርስ ግን ሠራተኛ የሚሰናበተው ከሦስት ማስጠንቀቂያ በኋላ ነው ይላል። እሷ እስካሁን የሰጠችው ሁለት ብቻ ነው።