ያሰጠምኳቸው የዱባ ችግኞች

ሰው ጦርነት ሲሸሽ ያለውን ወርቅ ይይዛል፤ እናቴ የያዘችው የዱባ ዘር ነበር። በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ከሐይቅ ከተማ ወጣች፤ ተኩሱ ሲያባራ ያንኑ ቋጠሮ ይዛ ተመለሰች። ጎተራው ባዶ፣ ዶሮዎቹ ተበልተው፣ በሩ እንኳ ተነቅሎ ጠበቃት። "አልሃምዱሊላህ፣ ዘሩ አለ" ነው ያለችው። ዘሩ ከእናቷ የመጣ ነው። ድሮ ሰፈሩ ሁሉ ከእሷ ይወስድ ነበር፤ እሷ ግን ከማንም ደጅ ዘር ለምና አታውቅም። ኩራቷ ይኸው ነበር።

እኔ በዚያው ሰሞን ከዓረብ አገር ገባሁ። ለውጥ መጣ ሲባል እዚያው ሆኜ በስልክ እልል ያልኩ ሰው፣ ስመለስ የተቀበለኝ በር የሌለው ቤት ነው። ይዤው የመጣሁት ሙያ የሰው ቤት ማጽዳትና የሰው አትክልት ማጠጣት ብቻ። የእመቤቲቱን ግቢ ጠዋትና ማታ አጠጣ ነበር፤ አሸዋው ውሃውን ምጥጥ አድርጎ መልሶ ይደርቃል። አንድ ቀን ከረሳሁ ስድቡ አይጣል ነው።

እናቴ ግማሹን ዘር ለከርሞ ላስቀር ስትል፣ ሁሉንም ያስተከልኳት እኔ ነኝ። በቀለ። ማጠጣቱንም እኔ ያዝኩ፤ ከሐይቁ በጀሪካን እያመላለስኩ ወገቤ እስኪቆረጥ።

"ይህ መሬት ጥቁር ነው፣ ውሃ ይይዛል። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጭ፣ እታለም" አለችኝ።

"እማ፣ አንች ከሐይቅ ወጥተሽ ምን አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ከሐይቅ የወጣችው በጥይት ተባርራ እንደነበር በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ችግኞቹ አራተኛ ቅጠል ሲያወጡ ከሥር ከሥሩ ያለው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። ውሃ አንሷቸው ነው ብዬ ጨመርኩ። ቢጫው ወደ ላይ ወጣ። የጎደላቸው ማዳበሪያ ነው አልኩ፤ ማዳበሪያ በዚያ ዓመት ከየት ይመጣል? ፍግ በጥብጬ አፈሰስኩባቸው፣ ያውም በባልዲ ውሃ። ሲብስባቸው ደግሞ ዓይን ነው አልኩ። አጥር የምንጋራት ክርስቲያን አሮጊት ከቀናት በፊት "እንዴት አምሮባችኋል!" ብላ አልፋ ነበር፤ ይባርክ እንኳ አላለችም። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን ሳልመልስ ማለፍ ያዝኩ። ከእናቴ ጋር አብራ የተሰደደች፣ ቆሎዋን ቆጥራ ያካፈለቻት ሴት ናት። ዛሬም ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

አሮጊቷ ቅያሜዋን ዋጠችው መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት በአጥሩ ክፍተት ገባች። እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዱን ችግኝ ያለ ምንም ጉልበት ነቀለችው። ሥሩ ጠቁሮ፣ ልጣጩ በጣቶቿ መካከል ሙልጭ ብሎ ወጣ። ይሸታል።

"ማንም አልበላውም፣ ልጄ። ውሃ ነው የገደለው። የቀረውን ተይው፣ ምናልባት አፈሩ ሲጠፈፍ ይተርፍ እንደሆን" አለችኝ።

ተውኩት። አንድም አልተረፈም።

እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሻሿን አስተካክላ ወደ አሮጊቷ ቤት ሄደችና በጭብጧ ፍሬ ይዛ ተመለሰች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘር ለምና መጣች። አሮጊቷ ድሮ ከእናቴ የወሰደችው ዘርም ከቤቷ ጋር ተዘርፏል፤ የሰጠቻት ከገበያ ያመጣችውን ነው። ስትተክለው ላግዝ ብዬ ጠጋ ስል እናቴ ቀና ሳትል፣ "አብሽሪ፣ አልተቀየምኩሽም። ወደዚህ ግን አትምጭ" አለችኝ።

ዱባው አፈራ። ቀቅዬ አቀረብኩላት። አንዴ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች፣ "አልሃምዱሊላህ፣ አንች ብይው" አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ወዲህ ዱባ ስትበላ አላየኋትም።