በሬ የሚፈተንበት ዳገት

በቆቦ ከብት ገበያ በሬ የሚመረጠው በጥርሱ ብቻ አይደለም። ጥርስ ዕድሜን ይናገራል፤ ትንፋሽ ግን አይዋሽም። ብልጥ ገዢ በሬውን ከደረቁ ወንዝ አሸዋ አስነስቶ በዳገቱ ያስወጣዋል፤ ጫፍ ሲደርስ ጎኑ ሥር ቆሞ ያዳምጣል። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ጆሮ ነው።

የራሴን ትንፋሽ ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ሰማው።

ሰውየው እንደኔው የበሬ ነጋዴ ነው፤ ከበሬዎቹ ይልቅ ምላሱ የሰባ። አንድ የገበያ ቀን ከጎብዬ የመጡ ገበሬዎች ጥንድ በሬዬን ወደውት፣ በዳገቱ እየነዳሁ ላሳያቸው ወጣሁ። መሐል ላይ ትንፋሼ አጠረና አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። በሬዎቹ ብቻቸውን ወጡ። እሱ ከታች ሆኖ ጮኸ፦

«ጀመዓ! በሬዎቹስ ደህና ናቸው፤ ነጋዴውን ግን በምራቂ ቢሰጧችሁም እንዳትወስዱት!»

ገበያው ሳቀ። ገበሬዎቹም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ የሱን በሬዎች ገዝተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲያ የታመመ ሰው ከብቱም የታመመ መስሎ ይታይ ጀመር። የኔን በሬ ሦስት ጊዜ ዳገት ሳያስወጣ የሚገዛ ጠፋ።

ለመዳን የቆረጥሁት ለልጆቼ ስል ነው ብል ያምርብኝ ነበር። ወላሂ፣ ለዚያ ዳገት ስል ነው።

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም በልጅነቴ ጉሮሮዬን እያመመኝ መገጣጠሚያዬ ያብጥ እንደነበር ጠየቀኝ። ያብጥ ነበር። «ያ ሕመም ልብህን ነክሶ ነው የሄደ» አለኝ። «ከልብህ በሮች አንዱ ሲዘጋ አይገጥምም፤ ወደፊት የተገፋው ደም ወደኋላ ይመለሳል።»

«የበረት በር ነዋ» አልሁት፤ «ያስወጣሁት ከብት ተመልሶ ሲገባበት የሚውል።»

ሳቀ። በሩ ገና ሥጋው ደህና ስለሆነ በብረት ከመለወጥ መጠገኑ ይሻላል አለኝ፤ ብረቱ ዕድሜ ልክ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትና ምርመራ ይፈልጋል። እኔም አሮጌ ዕቃ አስጠግኖ መጠቀም የለመድሁ ሰው ነኝ፤ ተስማማሁ።

ለቀዶ ሕክምናው ከመሄዴ በፊት እንደ አገራችን ልማድ ገበያውን ዞርሁ። ሞት ያለበት መንገድ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ «አፉ በለኝ» ይላል፤ የተባለውም «አፉ ብያለሁ» ብሎ ይቅር ይለዋል። ደላላውን፣ ገመድ ሻጩን፣ ዋጃ ድረስ ሄጄ የተጣላሁትን ሁሉ አፉ አስባልሁ። ያ የሳቀብኝ ነጋዴ ፊት ስደርስ ግን ገመዴን አስተካክዬ አለፍሁ። ያስቀየመኝ እሱ፣ እኔ ምን ልበለው?

ልቤን አስጠግኜ ስመለስ ለወራት ባልዲ እንኳ አላነሳሁም። ከዚያ በዳገቱ ብቻዬን መለማመድ ጀመርሁ፦ መጀመሪያ እስከ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ከድንጋዩ አልፌ። ጫፍ የደረስሁ ቀን ለማንም አልተናገርሁም። አጥቂ አይቸኩልም።

ገበያ ስመለስ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሰውየው በሬዎቹን ራሱ መንዳት ትቷል፤ ከታች ሆኖ የአንዱን በሬ ሻኛ ተደግፎ ይቆማል። ያበጠ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የካልሲው ላስቲክ ጎድጉዶ ቀርቷል። ያን ጉድጓድ አውቀዋለሁ፤ የኔም እግር ላይ ነበር። ቀረብ ብዬ ትንፋሹን አዳመጥሁ። አወቅሁ።

የልቡን ሕመም ማወቄን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም።

«ና እንጂ ወንድምዬ» አልሁት ገበያው እየሰማ፤ «ይኸን በሬ አብረን እናውጣው።»

እምቢ ማለት አልቻለም። እኔ በሬውን እየነዳሁ ጫፍ ደረስሁ። እሱ እዚያው ጥቁር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አፌ ውስጥ ከርሞ የበሰለውን ጮኼ አወጣሁት፦

«ጀመዓ! ይኸንንስ በምራቂ ትወስዱታላችሁ?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ጣፈጠኝ። በቀል አይጣፍጥም የሚሉ ሰዎች ቀምሰውት አያውቁም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከቀትር በፊት ቤቴ መጣ። የምርመራ ወረቀት በፌስታል ጠቅልሏል።

«የልቤ በር ያፈሳል አሉኝ» አለ። «አዲስ አበባ ሂድ ተብያለሁ።» ቀና አለና፦ «ሲከፍቱህ ያማል ወይ?»

በገዛ እግሩ መጣልኝ! አንድም ነገር አልዘለልሁለትም። የደረት አጥንት በመጋዝ እንደሚሰነጠቅ፣ ልቡ ቆሞ ደሙን ማሽን እንደሚያዞረው፣ በሩን ሰፍተው ዙሪያውን ቀለበት እንደሚያስሩበት፣ አጥንቱ በሽቦ ተጠፍሮ ሲመለስ አንዲት ሳል እንዴት ነፍስ እንደምታወጣ። የልጅነቱ ሕመም እንዳይመለስ በየአራት ሳምንቱ የምወጋውንም መርፌ ሥፍራውን በእጄ አሳየሁት። ላቡ ፌስታሉ ላይ ተንጠባጠበ።

«የሐኪሙን ስልክ ስጠኝ» አለ በመጨረሻ። ሰጠሁት። ብድግ ብሎ ደጁ ላይ ቆመ።

«አፉ በለኝ።»

«አሁን አልልህም» አልሁት።

«ብሞትስ?»

«እንዳትሞት። ተጠግነህ ና፤ ያን ዳገት ውጣ። ጫፉ ላይ ሆኜ እልሃለሁ።»