ለግራዝማች የሰጠሁት የመጀመሪያ ተራ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ስንቱን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህቺን እዘላታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገራት።

በጃንሆይ ዘመን፣ ጉለሌ፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነበርኩ። ሰው ማወያየት ያውቅበታል ይሉኝ ነበር፤ እውነት ነው፣ አውቅበት ነበር። ዘዴዬ አንድ ነው፤ ሽማግሌዎቹን መጨረሻ ላይ አናግራለሁ። በኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ስለዚህ ከታናሹ እጀምራለሁ፣ ሁሉም የልቡን ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹም ሰምተው ይመርቃሉ።

አስካለ የምትባል የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እድሩ ውስጥ ልግባ ብላ አመለከተች። ባሏ ደምሴ አልጋ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። ብቻዬን እንዳልቀብረው ነው የምትለው። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ በሠራችው ድስት ወጥ የማይሠራ ቤት ግን አልነበረም። ከስብሰባው በፊት ሰዉን በየቤቱ ጠየቅኩ። አብዛኛው "ትግባ እንጂ፣ ምን አለበት!" አለኝ። ያልፈለግኳት እኔ ነኝ። ከእሷ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ መብላት ቀፈፈኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ታዲያ እሑድ ስንሰበሰብ ምን አደረግኩ? "ግራዝማች፣ እስቲ እርስዎ ይጀምሩልን" አልኩ። ግራዝማች በላቸው ሰፈሩ የሚፈራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ምን እንደሚሉም አውቅ ነበር።

"ከቡዳ ጋር እድር? እኔ በቁሜ እያለሁ? አይደረግም!" አሉ።

ከዚያ ሁሉንም በየተራ ጠየቅኩ። አንድም ሰው አልዘለልኩም። "እኔም እንደ ግራዝማች"፣ "እኔም እንደ ግራዝማች" እየተባለ ዞረ። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ብዬ አስጻፍኩ። እኔ አልከለከልኳትም፣ እኔ ያወያየሁ ብቻ ነኝ። እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ?

ደምሴ በክረምት ሞተ። የእድሩ ድንኳን ዕቃ ቤት እንደተጠቀለለ ቀረ። አስካለና ሁለት ወንድሞቿ ሬሳውን በጭቃው ዳገት ይዘው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። ከዚያ ቁርሴን ጨረስኩ። ያዘንኩ አይመስለኝም። አሁንም ላልቅስ እላለሁ፣ አይመጣልኝም።

ከአርባው በኋላ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"ጋሼ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቁልኝ አሉ" አለችኝ። "ሰዉ እንቢ ቢልም እርስዎ ነገሬን አላዳፈኑትም። እግዜር ይስጥልኝ።"

"አብሮ ይስጠን" አልኳት።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፤ በዚህ አፌ። ይቅር በሉኝ አልልም። ምስጋናዋን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ።