ስድስቴ የሚበላ ቄስ

«በቀን ስድስት ጊዜ ይብሉ አባ፤ ግን ጥቂት ጥቂት» አለኝ ጨጓራዬን ቆርጦ ያሳነሰው ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ ሊያሰናብተኝ ሲል። እሱ ምን አለበት! የዓመቱን ግማሽ የሚጾም፣ በቅዳሴ ቀን ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ የማይቀምስ ቄስ ፊት ተቀምጦ እንደሚናገር ትዝም አላለው። እኔም «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

የወፈርኩት በሆዳምነት አይደለም ብዬ ብከራከር የሚያምነኝ የለም። በእኛ አገር ግን ቄስ ባርኮ ሳይቀምስ ማዕድ አይጀመርም። ክርስትና፣ ተዝካር፣ ሰንበቴ፣ ማኅበር፤ ከአንዱ ቤት ወጥቼ ሌላው ቤት ስገባ «በሞቴ አባቴ!» ነው። እምቢ ያልኩ እንደሆነ በረከት የነሣኋቸው ይመስላቸዋል። እንዲህ ሲያጎርሱኝ ኖረው ስኳር ሲይዘኝ፣ እነዚያው ሰዎች «ቄሱ ሆዱን መች ቻለና» ብለው አሙኝ።

የማገለግልባት አጥቢያ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ክብደቴ ጉልበቴን ሰብሮት ቅዳሴ ቆሜ መጨረስ አቃተኝ። ጧትና ማታ ኢንሱሊን እየተወጋሁም ስኳሩ አልረጋ አለ። ደብረ ወርቅ ቁራሽ እየለመንኩ፣ ከውሻ እየተጋፋሁ የተማርኩት ለመቅደስ ነበር። ከመቅደስ ከቀረሁ ከእኔ የሚተርፈው ጥምጥሙ ብቻ ነው። ጭንቀቴን ያየ አንድ የንስሐ ልጄ፣ አዲስ አበባ የሚነግድ፣ «አባቴ፣ ሆድዎን በቀዶ ጥገና ያሳንሱታል፤ ውፍረቱም ስኳሩም ይቀንሳል» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

እውነት ለመናገር ቀነሰ። ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ጉልበቴ ጸና፣ ኢንሱሊኑም ማታ ብቻ፣ ያውም በትንሹ ሆነ። ግድግዳ ሳልደገፍ ቀድሼ ስወጣ የንስሐ ልጄን ስንት ጊዜ መረቅሁት! ያን ሰሞን የነበረኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

መጀመሪያ የከፋብኝ ሰው ቤት መግባት ነው። ከተቆረጠው የተረፈኝ ሆድ ሁለት ጉርሻ ከዋጠ ሦስተኛውን አይቀበልም። ሁለት ጎርሼ እጄን ስሰበስብ የቤቱ እመቤት ፊቷ ይጠቁራል። «ምነው አባቴ፣ ምን አዩብኝ?» ትላለች። ቄስ ከማዕድ እጁን ካነሣ በዚያ ቤት የተሰወረ ኃጢአት አይቷል ማለት ነው ብለው ያስባሉ። አንዷማ በሳምንቱ እያለቀሰች ለንስሐ መጣች። እኔ ምኑን አየሁት! የጠበበው ሆዴ ነው እንጂ። ብነግራቸው ደግሞ ሆዱን ያስቆረጠ ቄስ ብለው እስከ ሉማሜ ያወሩብኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ስኳሩ መውረድ ጀመረ። ድሮ የምፈራው መውጣቱን ነበር። አሁን ሳልቀምስ ከዋልኩ ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ብርዝ ከጠጣሁ ደግሞ ሽቅብ ይወጣና ጥቂት ቆይቶ ቁልቁል ይወረወራል። በቅዳሴ ዋዜማ መርፌውን ብተወውስ ብዬ ሞከርኩ። በማግስቱ ወጣብኝ፤ አፌ ኩበት ሆነ፣ ሽንቴ ወጠረኝ። መቅደስ የገባ ቄስ ቅዳሴው ሳያልቅ አይወጣም። ያን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን።

በፍልሰታ ጾም ቅዳሴው በየቀኑ ነው፤ ቀትር ላይ ይገባል፣ ፀሐይ ስታጋድል ይወጣል። አንድ ቀን ተራው የእኔ ነበር። ሕዝቡ በውጭ «እግዚኦ» እያለ ሲሰግድ፣ እኔ ቅዱስ ሥጋውን በጻሕሉ ይዤ እንደቆምኩ ላቡ መጣ። ከልብሰ ተክህኖው ሥር፣ ኪሴ ውስጥ፣ ሐኪሙ ከእጅዎ አይለይ ያለኝ ከረሜላ አለ። አንዷን ብልጣት ዓይኔ ይበራል፤ ጾሜ ግን ፈረሰ። ካልላጥኳት እጄ ሊከዳኝ ነው። ያ የያዝኩት መሬት ከሚነካ እኔ ብሞት ይሻላል። ጥርሴን ነክሼ አጥብቄ ያዝኩ።

አብሮኝ የሚቀድሰው ቄስ ፊቴን አየና ጻሕሉን ከእጄ ወሰደ። ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። እዚያው እንደተቀመጥኩ እሱው አቆረበኝ። ቅዳሴው አልቆ ዲያቆናቱ ደግፈው ሲያወጡኝ ከረሜላዋን በነወረቀቷ ጎረስኳት። ከቅጥሩ ሳልወጣ ወሬው ቀድሞኝ ወጣ፤ «ቄሱ ጠጥቶ ገብቶ ነው» አሉ።

የደብሩ አስተዳዳሪ ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሕመምተኛ ይብላ ይላል ሥርዓቱ። የበላ ደግሞ አይቀድስም። አንተ ብላ» አሉኝ።

«መብላቱን ልተወዋ አባቴ» አልኳቸው።

«ብትወድቅስ? ይዘኸው የምትወድቀውን አስበኸዋል?»

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ በየቤቱ ጠበል መርጨትና በደጅ መስቀል ማሳለም ሆነ።

አሁን በጾም ቀን ረፋድ ላይ ባለቤቴ ጎረቤት እንዳያይ በሩን ቀርቅራ ሽሮ ታቀርብልኛለች። ሌባ እንኳ እንዲህ ተደብቆ አይበላም። «ቀስ ብለህ አላምጥ» ትለኛለች። አላምጣለሁ። ጧት የበላ ሰው የሚቀርበት መቀደስ ብቻ አይደለም፤ እንደ ማንም ምእመን ተሰልፎ መቁረብም አይችልም። ይህን እያነሣሁ ስብሰለሰል ያ ጻሕሉን የተቀበለኝ ወንድሜ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «አይዞህ፣ ነፍሱ ልትወጣ ከሚያጣጥር ሰው ጾም አይጠየቅም። ያን ጊዜ በልተህም ቢሆን እኔው መጥቼ አቆርብሃለሁ» አለኝ። ቃሉን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

ባለፈው ማርቆስ ለክትትል ስሄድ ነርሷ የስኳሬን ቁጥር አይታ ፊቷ በራ። «ጎበዝ አባቴ! እንዲህ በሰዓቱ እየበሉ ከቀጠሉ ገና ሃያ ዓመት ይኖራሉ» አለችኝ።

ሃያ ዓመት ሳልቆርብ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብዬ መስቀሌን አሳለምኳትና ወጣሁ።