የጋቢናው ምንጣፍ

ጋራዣችን ውስጥ «ጋሼ ቁልቁለት» እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ወሬያቸው ሁሉ ግን ዛሬም ቁልቁለት ነው። አሁን ያለቻቸው አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ናት። ባለቤታቸውን ለወገብ ሕክምና ክሊኒክ ያመላልሱባታል። መኪናዋ ሌላ ሥራ የላትም፤ እሳቸውም የላቸውም።

በቀደም የፍሬን ሸራ ሊያስቀይሩ ሲመጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«መኪናህ ቶሎ አትቆምም፣ ከእንግዲህ በታክሲ እሄዳለሁ አለችኝ ባለቤቴ» አሉ። «እኔን! ያን ሁሉ ሕዝብ በገደል አፋፍ በሰላም ያደረስኩትን!»

የድሮውን ሸራ አየሁት። ገና አላለቀም፤ መኪናዋ ሳትነዳ ከመቆሟ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ዓይነት አዲስ አወጣሁላቸው። ጠንካራው ለረጅም ቁልቁለት ነው፤ ቢግልም አይከዳም፣ ሳይሞቅ ግን ቶሎ አይይዝም። ለስላሳው ቶሎ ያልቃል፤ በብርዱ ግን ገና ሲነኩት ይይዛል።

«እንደ ድሮው ጠንካራውን» አሉ፣ ሳያዩት።

«ጋሼ፣ እስከ ክሊኒኩ እኮ ፍሬኑ አይሞቅም።»

«አንተ ሳትወለድ ነው ይሄን የማውቀው!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ተናደድኩ። የማያውቅ ሰው ይመከራል፤ እያወቀ ግግም ያለውን ምን ታደርገዋለህ?

ጎማውን ስፈታ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ስለማይሆንላቸው የመኪናዋን ውስጥ ማጽዳት ጀመሩ። ምንጣፎቹን አውጥተው ሊያራግፉ ሲሉ ቀጥ አሉ። በሹፌሩ በኩል ያለው ደህና ነው። በባለቤታቸው በኩል ያለው ግን የቀኝ እግር ማረፊያው ላይ ተበልቶ ተበስቷል፤ ፍሬን በሌለበት በኩል።

ነገር በዓይን ይገባል። ጣታቸውን በቀዳዳው አስገቡ።

«አብራኝ ፍሬን ስትይዝ ኖራለች» አሉ። «በዚያ ወገቧ።»

ምንጣፉን አጥፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«በል፣ ለስላሳውን ግጠምልኝ።»

ከሳምንት በኋላ ብቻቸውን ተመልሰው ሲመጡ ደነገጥኩ።

«ምነው ጋሼ፣ አልያዘም እንዴ?»

«ይዟል። እሷን ቤት አድርሼ መምጣቴ ነው።» መሪውን እንደጨበጡ ናቸው። «አውቶቡስ ስነዳ ተሳፋሪ እንቅልፍ ሲወስደው ደስ ይለኝ ነበር። አምኖኝ ነው እላለሁ። እሷ ግን አጠገቤ ተኝታ አታውቅም። ዛሬ አንዴ ብቻ ሞክሪኝ ብዬ ለምኜ ወሰድኳት።»

«እሺ?»

«ክሊኒኩ በር ላይ አቁሜ ዞር ስል ተኝታለች። ልቀሰቅሳት አልቻልኩም፤ ቀጠሮው አለፈን።»