አራት ነጥብ የጎደለባት

እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሥራዬ በሆስፒታሉ ወጥ ቤት ድስት ማጠብ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩትም አምና ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። የሰው ታሪክ ልጽፍ መነሣቴ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው። ግን ሌላ ሰው ቢጽፈው የኔን ጥፋት ይዘለዋል ብዬ ፈራሁ።

ታሪኳን የምጽፍላት የሥነ ምግብ ባለሙያችን ናት። እኛ «ሚዛን» ነው የምንላት፣ በፊቷ አይደለም። ፊት ለፊትማ እሷ ለዕድሜዬ፣ እኔ ለትምህርቷ አንቱ እንባባላለን። ካሮት ትመዝናለች፣ ሩዝ ትመዝናለች። ጨው ከሆነ ሩብ ማንኪያ ሰጥታ ማንኪያውን ይዛው ትሄዳለች። የኩላሊት ሕመምተኞች ሲገቡ ይረግሟታል፣ ሲወጡ ይስሟታል።

የሥራ ፈቃድ ወረቀቷን ለማግኘት አራት ዓመት ተምራለች፣ አንድ ዓመት ተለማምዳለች፣ ሁለት ጊዜ ተፈትናለች። መጀመሪያ የወደቀችው «በሽተኛው አልበላም ቢል ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ላይ ነው አሉ። እሷ «ለምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ» ብላ ጻፈች። መልሱ ለካ «ቅጽ እሞላለሁ» ነው።

እኔ ወረቀት አንዴ ከተገኘ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ወረቀትም እንደ ወተት ይበላሻል። በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፣ ለማደስ ሠላሳ ነጥብ ያስፈልጋል። ነጥብ ደግሞ በሽተኛ በማብላት አይገኝም፣ አዳራሽ ውስጥ በመቀመጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተለጥፎ ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም የሰማ ሰው ስምንት ነጥብ ያገኛል። እሷ ባለፈው ወር ከእንዲህ ያለው ሥልጠና በእኩለ ቀን ተጠርታ መጣች፤ አልጋ ቁጥር ሰባት ያሉት ሽማግሌ ራሳቸውን ስተው ነበር። ሰውየው ዳኑ። እሷ ግማሽ ቀን ቀረች ተባለ።

ፈቃዷ የሚያበቃው ዓርብ ነበር። ካልታደሰ የምግቡን ዝርዝር የሚጽፈው እኛ «ግምጃ ቤቱ» የምንለው ንብረት ጠባቂ ነው። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ጨው ወዳጅ ነው።

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል አልሰማችሁም?» ይለናል። «እሷ እኮ ሰዉን ሁሉ ድንጋይ ልታበላው ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ የሰባት ቁጥሩ እግር አብጦ አልነበር?» ትለዋለች አንዷ ድንች ላጭ።

«ታዲያ የሚበሉት በእግራቸው ነው?»

ረቡዕ የማደሻ ማመልከቻዋ ከፈቃድ ቢሮው ተመልሶ መጣ፣ ጠርዙ ላይ በቀይ ተጽፎበት። አነበበችው፤ ድንች ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «አለቀልኝ እትዬ» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ሕሙማኑ ሄደች።

እኔ ጎንበስ ብዬ እያንዳንዱን ፊደል ጠራሁት። «አራት ነጥብ ይጎድላል» ይላል።

ማመልከቻውን እስከ ታች ተከተልኩት። «...እንዲታደስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ባዶ ነው! አስተማሪያችን አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር በር የሌለው ቤት ነው ብሎናል። ይቺ የተማረች ልጅ በዚህች ልትባረር? እስክሪብቶ አነሣሁና አራቱንም ነጥብ ክብ ክብ አድርጌ አስቀመጥኩላት። በምሳ ሰዓት ራሴ ይዤው ወደ ፈቃድ ቢሮው ሮጥኩ።

ማመልከቻ የሚቀበለው የመስኮቱ ሰውዬ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ጌታዬ፣ አራት ነጥብ ጎድሎ ነበር...»

«ገባ?»

«አዎ፣ አራቱም። በእጄ ነው ያስገባሁት።»

«ጎበዝ» አለና ቀና ሳይል ማኅተሙን ጧ አደረገው።

ሚዛን ማኅተሙን ስታይ አቀፈችኝ። እንዴት እንደሆነ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እትዬ፣ እኔ ግማሽ ግራም የማላሳልፍ ሰው ነኝ እኮ።»

ሐሙስ ማኅተሙ እንዲነሣ ልትጠይቅ አብረን ወደ ቢሮው ሄድን። እኔ ከኋላዋ ተደበቅሁ።

«ማኅተም ለማስነሣት ማመልከቻ ያስገቡ» አላት ሰውዬው። «አመልካች የጸና ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።»

«ፈቃዴ አልጸናም ነው እኮ የምለው።»

«ካልጸናማ ማመልከት አይችሉም።»

«ከጸናስ?»

«ከጸና ምን አመጣዎት?»

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የዓርብ ጠዋት ሥልጠና ተለጥፎ አየች፤ ጨው ስለ መቀነስ፣ ግማሽ ቀን፣ አራት ነጥብ። ተመዘገበች። ግን በዚያ ጠዋት የሰባት ቁጥሩን ሾርባ ማን ይጠብቅ? ዓርብ ማለዳ መጥታ ያንን ማንኪያ እጄ ላይ አኖረችው።

«ሩብ፣ እትዬ። ሾርባው ከርስዎ ዓይን እንዳይርቅ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ግምጃ ቤቱ የጨው ከረጢት ታቅፎ መጣ።

«ዞር በይ፣ ዛሬ ሰዉ ይብላ።»

ድስቱ ፊት ቆምኩ።

«አንቺ ድስት አጣቢ፣ ማን ሾመሽ? እስቲ ስንት ነጥብ አለሽ?»

በዕድሜዬ ለሰው መልሼ አላውቅም። ቃሉ ግን አምልጦኝ ወጣ።

«ሩብ ማንኪያ ነው የሚገባው ጋሼ። አራት ነጥብ!»

«ምን ማለት ነው?»

«አለቀ ማለት ነው።»

ድንች ላጮቹ በሳቅ ወደቁ። ከረጢቱን ታቅፎ ተመለሰ።

ሚዛን ከሰዓት በኋላ መጣች። የሥልጠናውን ምስክር ወረቀት ለመስኮቱ ሰውዬ ስትሰጠው «ይሄ ገብቶ የለም እንዴ?» ብሎ ሳያነብ ፋይሉ ውስጥ ወተፈው። በአዳራሹ የሻይ ሰዓት ያቀረቡላቸው ጨው የተነሰነሰበት ድንች ጥብስ ነበር አለችኝ። አልበላችም። ማንኪያውን ተቀበለችኝና የሰባት ቁጥሩን ሾርባ ቀመሰች።

«አይጣፍጥም» አለች፣ ደስ ብሏት።